ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም በመኪና፦ መርከቡን ጨምሮ ጉዞውን እንዴት እንደምታቅዱ

ለሰርግም ይሁን ለክርስትና ወይ በጋ ላይ ዘመድ ለመጠየቅ ከጀርመን ስዊድን በመኪና የሚሄድ ሀበሻ ብዙ ነው፣ ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጦ ሻንጣ ተከፍሎበት ከሚኬድ መኪናው ይሻላል፣ ደግሞ በርበሬውም ሽሮውም የሀበሻ ቀሚሱም እንደልብ ይጫናል። ግን መንገዱ ወደ 1500 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ ባህር አለ። አብዛኛው ሰው መንገዱን ብቻ አይቶ ይነሳና መርከቡን እዛ ስንደርስ እናያለን ይላል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፣ መጀመሪያ መርከቡን ምረጡ፣ የመነሻ ሰዓቱም የዕረፍቱም ነገር ከሱ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይወጣል።

1. ስንት ሹፌር እንዳላችሁ ቁጠሩ

መርከብ ሲመረጥ ሁሉም ዋጋ ነው የሚያየው፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የሹፌሩ ቁጥር ነው። ሹፌር ስል መንጃ ፈቃድ ያለውን ሁሉ ማለቴ አይደለም፣ ሌሊት አውቶባን ላይ ደፍሮ የሚነዳውን ነው።

ሁለትና ከዛ በላይ ከሆናችሁ ከጀርመኗ ፑትጋርደን ወደ ዴንማርኳ ሮድቢ የሚሻገረው መርከብ ይበቃችኋል። መሻገሪያው 45 ደቂቃ ነው፣ ከዛ ኮፐንሀገን ድረስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትነዱና በኦሬሱንድ ድልድይ ማልሞ ትገባላችሁ፣ ከማልሞ ስቶክሆልም ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

የሚነዳው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ይሄን መንገድ ተዉት። 45 ደቂቃ ዕረፍት አይባልም፣ ሽንት ቤት ተሰልፋችሁ ለልጆች የሚበላ ገዝታችሁ ገና ቁጭ ስትሉ ወደ መኪናችሁ ውረዱ ይባላል። ለአንድ ሹፌር የሚሻለው ከትራቨሙንደ ወይ ከሮስቶክ ወደ ስዊድኗ ትሬለቦርግ የሚሄደው የሌሊት መርከብ ነው። ከፍራንክፈርት ትራቨሙንደ 580 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ካቢን ትይዛላችሁ፣ ሻወር ወስዳችሁ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ስዊድን ላይ ትነሳላችሁ። የካቢኑ ዋጋ መጀመሪያ ሲታይ ይበዛል ግን የሆቴሉን፣ የነዳጁንና የድልድዩን ክፍያ ደምራችሁ እዩት፣ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ከኪል ጎተንበርግ የሚሄደውም አለ፣ ማታ ተነስቶ ጠዋት ነው የሚያደርሰው፣ ከዛ ለስቶክሆልም የሚቀራችሁ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ልጅ ላለው ሰው እኔ ይሄኛውን ነው የምለው።

ባህር ጭራሽ የሚፈራ ሰው ካለ በፍሌንስቡርግ አድርጎ በታላቁ ቤልት ድልድይ ሙሉ በሙሉ በመኪና መሄድ ይቻላል፣ ይረዝማል፣ ድልድዮቹም ይከፈልባቸዋል።

2. ትኬቱን ስትቆርጡ

ርካሹ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መነሻ ሰዓት ጋር የታሰረ ነው፣ ጨመር ያለው ደግሞ ብትቀድሙም ብታረፍዱም ያስገባችኋል። ፑትጋርደን ላይ መርከቡ ቀንም ሌሊትም ይመላለሳል፣ ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ጨመር ያለውን ግዙ፣ ሰዓቱ አመለጠን እያሉ መንዳት ትልቅ አደጋ ነው። የትሬለቦርጉ ግን ሌላ ነው፣ የሌሊቱ ካመለጣችሁ ቀጣዩን ለመጠበቅ ብዙ ሰዓት ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ለፑትጋርደን መንገድ መርከቡንና የኦሬሱንድን ድልድይ አንድ ላይ የሚይዝ ትኬት ስላለ ለየብቻ ከመክፈሉ ጋር አወዳድሩት።

የመኪናውን ልክ ሲጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ አትሙሉ። ጣሪያ ላይ ሳጥን ከጫናችሁ ከፍታው ከሱ ጋር ነው የሚለካው፣ ኋላ ላይ የብስክሌት መጫኛ ካለም ርዝመቱ ውስጥ ይገባል።

ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ትኬቱ ላይ 22:00 ካለ በኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው ቴክስት ስታደርጉ "10 ሰዓት" ብቻ ብላችሁ አትላኩ፣ ግማሹ ከሰዓት 10 ሰዓት ይመስለዋል።

አሁን ወደ ኋላ ቁጠሩ። መርከቡ 22:00 ይነሳል እንበል፣ ወደቡ ላይ 20:00 መድረስ ይሻላል ምክንያቱም መግቢያው መርከቡ ከመነሳቱ ቀደም ብሎ ነው የሚዘጋው። ካርታው ትራቨሙንደ 6 ሰዓት ይፈጃል ካላችሁ ዕረፍቱንና የመንገዱን መጨናነቅ ጨምራችሁ ስምንት ሰዓት ተኩል ያዙ። እንግዲህ ረፋድ 11:30 ላይ፣ በኛ 5 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው፣ መኪናው መንቀሳቀስ አለበት፣ ሻንጣ ገና የሚጫንበት ሰዓት አይደለም።

3. ወረቀት

ሼንገን ስለሆነ ማንም አይጠይቀንም የሚባለውን እርሱት፣ ድንበር ላይ ፍተሻ አለ፣ ስትመለሱም ጀርመን ታስቆማለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፓስፖርቱንም የጀርመን መኖሪያ ፈቃዱንም ሁለቱንም በእጁ ይያዝ፣ ሁለቱም ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑን ከትኬቱ በፊት እዩ። ጌሽታቱንግ (ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ወረቀት) ወይ ዱልዱንግ (ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ለጊዜው እንዳይባረር የሚሰጥ ወረቀት) ያለው ሰው ግን ከጀርመን መውጣት የለበትም፣ ዘመድ ሰርግ ነው ተብሎ ጉዳዩን ማበላሸት ያሳዝናል። ፊክሲዮን (የመኖሪያ ፈቃዱ ውሳኔ እስኪመጣ የሚሰጥ ጊዜያዊ ወረቀት) የያዘ ደግሞ ዓይነቱ ስለሚለያይ መጀመሪያ የውጭ ዜጎች ቢሮው፣ አውስላንደር ቤሆርደ፣ ሄዶ ይጠይቅ።

መኪናው የሰው ከሆነ ባለቤቱ የፈረመበት የውክልና ወረቀት ከፋርዘውግሻይኑ (የመኪናው መመዝገቢያ ወረቀት) ጋር ያዙ።

4. የጀርመኑ መንገድ

አርብ ከሰዓት በኋላ አትነሱ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚጀምርበትን ቅዳሜም እንዲሁ። ኤ5ን ይዛችሁ ወደ ኤ7 ትገባላችሁ፣ ካስል አካባቢ ዳገትና ቁልቁለቱ ከከባድ መኪና ጋር ያደክማል፣ እዛ ላይ አትቸኩሉ። ሀምቡርግ ከመድረሳችሁ በፊት ኤ7ን ይዛችሁ ከቀጠላችሁ ኤልብ ቱነል ውስጥ ትገባላችሁ፣ መጨናነቁ የታወቀ ነው። የሉቤክን ምልክት ተከትላችሁ ወደ ኤ1 ዙሩ፣ ለፑትጋርደንም ለትራቨሙንደም የሚያደርሰው እሱ ነው። ወደ ፑትጋርደን የምትሄዱ ደግሞ አውቶባኑ መጨረሻ ላይ ያልቅና በጠባቡ መንገድ የፌማርንን ድልድይ ትሻገራላችሁ፣ በጋ ላይ ሰልፍ አለ። በባህሩ ስር 18 ኪሎ ሜትር ቱነል እየተሰራ ስለሆነ በግንባታው ምክንያት መንገዱ ሊቀያየር ይችላል፣ ከናቪጌሽኑ ይልቅ የመንገዱን ምልክት እመኑ።

መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሲቆም መሀሉን ለአምቡላንስ ክፈቱ፣ የግራው መስመር ወደ ግራ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ቀኝ፣ ቅጣቱ ከ200 ዩሮ ነው የሚጀምረው። ነዳጅ አውቶባኑ ዳር ካለው ማደያ አትቅዱ፣ ከአውቶባኑ ወጣ ብላችሁ አውቶሆፍ በሚባለው ማረፊያ ማደያ ላይ ይረክሳል። ሹፌሩ ምሳ ላይ ከበድ ያለ ምግብ አይብላ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ፍራፍሬ፣ በፔርሙስ ቡና፣ እና በየሁለት ሰዓቱ ቆም ማለት። እንቅልፍ ከመጣ ግን ቡናው አያድንም፣ ቆማችሁ ሃያ ደቂቃ ተኙ።

5. መርከቡ ውስጥ

ሠራተኛው በእጁ እየጠራ ያስገባችኋል፣ ከፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ሊነካካ ሲል ነው የሚያቆማችሁ፣ አትደንግጡ፣ እጁን ብቻ እዩ። ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉት፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ። የመኪናውን አላርም ማጥፋት እንዳትረሱ፣ መርከቡ ሲወዛወዝ ይጮሃል። መርከቡ እየሄደ መኪናው ጋር መመለስ ስለማይቻል መድኃኒት፣ የልጅ ወተትና ዳይፐር፣ ቻርጀር፣ ጋቢና ፓስፖርት በአንድ ትንሽ ቦርሳ አስቀድማችሁ ለዩ፣ ቦርሳው ከሻንጣዎቹ ስር ሳይሆን ልጆቹ እግር ስር ይሁን። የፎቁን ቁጥርና የደረጃውን ቀለም በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ስትወርዱ ሁሉም ደረጃ አንድ ይመስላል። የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ከፊት ሳይሆን መርከቡ መሀል ላይ፣ ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ ይቀመጥ።

ሹፌሩ ቢራ እንዳይነካ። ስዊድን የምትፈቅደው 0.2 ፕሮሚል ነው፣ የጀርመኑን 0.5 የለመደ ሰው እዚህ ይያዛል።

6. ከባህሩ ማዶ

ዴንማርክም ስዊድንም ቀን ላይ መብራት ግዴታ ነው፣ እንደወረዳችሁ አብሩት። ዴንማርክ ሞተርዌይ ላይ ትልቁ ፍጥነት 130 ነው፣ ብዙ ቦታ 110፣ ከከተማ ውጪ በተራ መንገድ 80። ከ2021 ጀምሮ ከ200 በላይ የነዳ፣ ወይ ከ100 በላይ ሆኖ ከተፈቀደው እጥፍ ያለፈ ሰው መኪናው ይወረስበታል፣ መኪናው የሱ ባይሆንም እንኳ፣ ስለዚህ የተዋሳችሁ ሰዎች ይሄን በደንብ ያዙት።

በማልሞ ወይ በትሬለቦርግ የገባችሁ ሄልሲንቦሪ ላይ ኢ4ን ትይዛላችሁ፣ እሱ በቃ ስቶክሆልም ያደርሳችኋል። በአብዛኛው 110 ነው፣ ካሜራም አለ። ሲመሽና ሲነጋ ኤልግ፣ ያ ትልቁ የጫካ አውሬ፣ መንገድ ያቋርጣል፣ የአጥር ምልክቱ ሲያልቅ ፍጥነት ቀንሱ። ለዕረፍት ግሬና አጠገብ ያለው ብራሄሁስ ጥሩ ነው፣ የድሮ ቤተ መንግሥት ፍራሽ አለ፣ ከታች የቬተርን ሐይቅ ተዘርግቶ ይታያል፣ ልጆቹም ይሯሯጡበታል። ለገና የምትሄዱ ከሆነ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ሲሆን የክረምት ጎማ ግዴታ ነው፣ የውጭ ታርጋም አይምርም።

ስቶክሆልም ስትገቡ መክፈያ ኬላ አታዩም፣ ካሜራው ታርጋውን ያነብና ሂሳቡ ጀርመን ለመኪናው ባለቤት ይላካል። የሚቆጥረው በሥራ ቀን ከ6:00 እስከ 18:29 ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የለም። መኪናው የተዋሳችሁት ከሆነ ደብዳቤው ለባለቤቱ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ንገሩት።