የቲማቲም ታቹ እየጠቆረ ላስቸገራችሁ

ቲማቲሜ ገና አረንጓዴ እያለ ታችኛው ጫፉ፣ አበባው የነበረበት ቦታ፣ ይበላሽ ነበር። መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል። ከዚያ ሰርጎድ ይልና እንደ ቆዳ ጠቁሮ ይደርቃል። ቅጠሉ ግን ደህና ነው።

ፀረ ፈንገስ ረጨሁ፤ ለውጥ የለም። ችግሩ ፈንገስ ስላልሆነ መርጨቱ አይረዳም። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ሥሩ ላይ ቀበርኩ። እሱም ቶሎ ስለማይበሰብስ ለዚያ ሰሞን ፍሬ አይደርስም። ዩሪያማ ጭራሽ አባሰው፤ ቅጠሉ ተንዠረገገ፣ ፍሬው መጥቆሩን ቀጠለ።

ፍንጩ የተገኘው ከውሃው ነው። ከተማ ጉዳይ ያለኝ ቀን ባንክ፣ ገበያ፣ ጥገና ቤት ስዞር ይመሻል። በበጋ ፀሐይ አፈሩ ክው ብሎ ይደርቃል፤ ማታ ደግሞ ውሃ ይጥለቀለቃል። የፍሬው ታች የሚጠቁረው ካልሲየም ሲያጥረው ነው፤ ካልሲየም ደግሞ ፍሬው ጋ የሚደርሰው በውሃ ተጉዞ ነው። ውሃው ሲቆራረጥ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ እንኳ ፍሬው ያጣዋል።

ስለዚህ ሥሩ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ደረቅ ሳር ጎዘጎዝኩ፤ ግንዱን እንዳይነካ ትንሽ ክፍተት ተውኩ። የጠብታ መስኖ ቱቦ ዘርግቼ ቧንቧው ላይ ታይመር ገጠምኩ። አሁን ጠዋት በራሱ ያጠጣል። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጣቴን አፈሩ ውስጥ እሰዳለሁ፤ ጠለቅ ብሎ ርጥብ ከሆነ በቃ፣ ወደ ጉዳዬ።

የጠቆሩትን ለቅሜ ጣልኩ፣ አይድኑም። ከዚያ በኋላ የያዙት ግን ታቻቸው ንጹህ ሆኖ ቀሉ። ቃሪያና ዝኩኒ ላይም ይህ ችግር ከገጠማችሁ መፍትሄው ያው ነው።