አይስ ቲ ደፈረሰ፣ መረረ፣ ስኳሩም አልሟሟ አለ? ችግሩና መፍትሄው

አትላንታ በመጣሁ በመጀመሪያው ሐምሌ ምግብ ቤት ገብቼ "ሻይ" ብዬ አዘዝኩ። የመጣልኝ በረዶ የሞላበት ረጅም ብርጭቆ አይስ ቲ፣ ማለትም ቀዝቃዛ ሻይ ነበር። ስቀምሰው ስኳሩ ጥርስ ይነካል። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ሻይ ካላችሁ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ቀዝቃዛና ገና ትኩስ ሳለ ስኳር የገባበት። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ግን ባብዛኛው ያለ ስኳር ይቀርባል፤ የፈለገ ራሱ ይጨምራል።

አሁን ቤቴ እሠራዋለሁ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሳገኝ በውሽውሽ፣ ካላገኘሁ ከሱቅ በገዛሁት ጥቁር ሻይ። መጠኔ ይሄ ነው፦ 1 ሊትር የፈላ ውሃ፣ 10 ቲ ባግ፣ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ። ቲ ባጎቹን አውጥቼ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እጨምርበታለሁ። በቅጠል ከሆነ በአንድ ቲ ባግ ፈንታ አንድ የሻይ ማንኪያ። ያጋጠመኝን ችግር ሁሉ ከነመፍትሄው ልንገራችሁ።

ሻዩ ደፈረሰ

ማታ ጥርት ብሎ የነበረው ሻይ ጠዋት ጭቃ የነካው ውሃ ይመስላል። አልተበላሸም። ሻይ ውስጥ ካፌይንና ፖሊፌኖል የሚባሉ ነገሮች አሉ። ውሃው ትኩስ ሳለ ሟሙተው ይቆያሉ። ሲቀዘቅዝ እርስ በርስ ይያያዙና ሻዩን ያደፈርሱታል። ሻዩ በጠቆረ ቁጥር፣ በትኩሱ ፍሪጅ በገባ ቁጥር ይብስበታል።

መፍትሄው ትዕግስት ነው። ውጭ ተቀምጦ ለብ ሲል ፍሪጅ አስገቡት፤ ከ2 ሰዓት በላይ ግን ውጭ አይቆይ። ከደፈረሰ በኋላም ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ ብታማስሉት ይጠራል። ሁሌም የሚደፈርስባችሁ ከሆነ ውሃችሁን እዩት። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ሻይንም ያደፈርሳል። በተጣራ ውሃ ሞክሩት።

መረረ፣ ምላስ ይይዛል

ይሄ ከልማዳችን ይመጣል። እኛ ሻይ ስናፈላ ቅጠሉን፣ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን አንድ ላይ ጨምረን እስኪጠቁር እናንተከትካለን። ትኩስ ሆኖ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲገባበት ምሬቱ ይሸፈናል። ቀዝቅዞ ስኳሩ ሲቀንስ ግን ይወጣል።

ቅመሙን ለብቻው 10 ደቂቃ አፍሉት። ከእሳት አውርዱና ያን ጊዜ ሻዩን ጨምሩ። ቅርንፉድ ለ2 ሊትር 3 ፍሬ ይበቃል። ስታጠሉ አውጡት፤ ሌሊቱን ውስጡ ካደረ ከቅርንፉድ ሌላ ጣዕም አታገኙም። ቲ ባጉንም አትጭመቁት። ከመረረ በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች የሚያደርጉትን አድርጉ፦ በሁለት ጣት ቆንጠር ያለ ቤኪንግ ሶዳ። ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ምሬት ጨርሶ የማይወድ ሰው ቲ ባጎቹን በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ያሳድራቸው። ለስለስ ያለ፣ የማይደፈርስ ሻይ ይወጣል። እሳት ስለማይነካው ግን የቧንቧውን ውሃ በማታምኑበት ቦታ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ውሃ ተጠቀሙ።

ውሃ ውሃ አለ

በረዶው ሟሙቶ ነው። ከጆጉ ትንሽ ቀንሳችሁ የበረዶ ማስቀመጫው ላይ አፍስሱና የሻይ በረዶ ሥሩ። በቃ።

ስኳሩ ታች ተቀመጠ

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ያስቸገራት ይሄ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች። አማሰለች፣ ቀመሰች፣ "ኧረ ስኳር የለውም" ብላ ደገመች። ብርጭቆውን ጨርሳ ስታዘነብለው ጣት የሚያህል ስኳር ታች ተቀምጧል። ያንን በማንኪያ እየፋቀች በላችው።

ቀዝቃዛ ውሃ ስኳር ማሟሟት አቅቶት አይደለም። ይችላል፤ ግን በጣም ይዘገያል። ስለዚህ ስኳሩን አስቀድሞ ማሟሟት ነው። አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ትንሽ ድስት። እያማሰላችሁ ታሞቁታላችሁ። ፍሬው ጠፍቶ ጥርት ሲል አውርዱት፤ መንተክተክ አያስፈልገውም። ሲበርድ በጠርሙስ ፍሪጅ ይገባል። እኔ 3 ሳምንት አቆየዋለሁ። ሦስት የሻይ ማንኪያ የዚህ ሽሮፕ ከሁለት ማንኪያ ስኳር ጋር ይቀራረባል፤ ለሚቆጥር ሰው ይጠቅማል።

ማርም እንዲሁ ነው። ቀዝቃዛ ሻይ ላይ ከጣላችሁት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እኩል ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር የገባበት ነገር አይሰጥም።

ትኩሱን ስቀምሰው ጣፍጦ ነበር፣ ሲቀዘቅዝ ጠፋ

ምላሳችን ቅዝቃዜ ላይ ጣፋጭነትን በደንብ አይለይም። ትኩሱ ላይ ቀምሶ ስኳር መወሰን ስህተት ነው። ቀዝቅዞ፣ በረዶ ገብቶበት ነው መቅመስ። ለስላሳ መጠጥ ሲሞቅ ስኳሩ የሚበዛብንም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዱ "ጣፍጧል" ይላል፣ ሌላው "ስኳር የለውም"

ይሄን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እኛ ቤት እናቴ ካልጣፈጠ ሻይ አትለውም። የባለቤቴ አባት ስኳር አለባቸው። ባለቤቴ ያለ ምንም ይወደዋል። መጀመሪያ ላይ መካከለኛ ላድርገው ብዬ ግማሽ ኩባያ ጨመርኩ። ለእናቴ አነሰ፣ ለአባባ በዛ፣ ለባለቤቴ ተበላሸ። የገባ ስኳር ደግሞ አይወጣም።

ሒሳቡን ሥሩት። ለ2 ሊትር አንድ ኩባያ ስኳር ከገባ 200 ግራም ነው። በአንድ ባለ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 25 ግራም ይደርሳል፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ባይታለፍ ይመረጣል የሚለው መጠን እዚያው አካባቢ ነው። አንዱ ብርጭቆ የቀኑን ጨረሰው።

አሁን ጆጉ ውስጥ ስኳር አይገባም። ማንም ይምጣ አይገባም። ትሪው ላይ ሻዩ፣ ሽሮፑ፣ በስስ የተቆረጠ ሎሚና ናና ይቀርባል። እናቴ ሽሮፑን ያየች ቀን ሦስት ማንኪያ ጨመረች፣ አንዴ አማሰለች፣ ቀመሰች፣ አንድ ደገመች። ማንኪያውን መለሰችልኝ። ታች የተረፈ ነገር አልነበረም።

ለአባባ ሻዩ ውስጥ አንድ እንጨት ቀረፋ አሳድርበታለሁ። ስኳር ሳይኖረው ሽታው ብቻ የጣፈጠ ያስመስለዋል። "ማር ይሻላል" የሚል ዘመድ ሁሌም አይጠፋም፤ ማርም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። እንግዳ ሲኖር ደግሞ "ይሄ ያለ ስኳሩ የእርስዎ ነው" እያልኩ ለይቼ አልሰጣቸውም። ሁሉም ሰው ከአንድ ጆግ ይቀዳል። እሳቸውም ስለ ጤናቸው ለሰው ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅባቸውም። እኔ ሽሮፑን ከሁሉ በላይ የምወድለት ለዚህ ነው።

ሎሚ ስጨምር ቀለሙ ነጣ

የሎሚው አሲድ ነው፤ ምንም አይደለም። ልጣጩን ግን ጆጉ ውስጥ አታሳድሩት፣ ሻዩን መራራ ያደርገዋል። ሎሚውን ብርጭቆ ላይ ጭመቁ።

ሽንኩርት ሽንኩርት አለ

ሻይ ሽታ ይስባል። የእኛ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ቁሌት አለ፣ ቅቤ አለ፣ የተከተፈ ሽንኩርት አለ። ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ ተጠቀሙ። ፕላስቲክ ጆግ አንዴ ሽታ ከያዘ አይለቅም።

ሽታው ተቀየረ፣ ወይም ይዝለገለጋል

ድፉት። ስኳር ብትጨምሩበትም አይድንም። ብዙ ጊዜ ይሄ የሚመጣው በጠርሙስ ፀሐይ ላይ ከሚዘፈዘፈው ሻይ ነው። እዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ የፀሐይ ሙቀት ግን ውሃውን ለብ ያደርገዋል እንጂ ጀርም አይገድልም። ጆጉን በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ቧንቧ ያለው ከሆነ ቧንቧውን ፈታችሁ። ፍሪጅ የገባውንም እኔ ከ3 ቀን አላሳልፈውም።