ለተወካያችሁ በኢንተርኔት ስትጽፉ

በአንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ የሚገቡ ኢሜይሎችን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ከጉዳዩ በፊት የማየው አድራሻውን ነው። የሌላ አካባቢ መራጭ ከሆነ ወደ ራሱ ተወካይ እንመራዋለን፤ አድራሻ ያልጻፈውን ግን ወደ ማን እንመራዋለን? ስለዚህ ስማችሁንና የምትኖሩበትን ቦታ ከላይ አስቀምጡ።

ጉዳዩ የማን ሥልጣን እንደሆነም ለዩ። የመንገድ መብራት ጠፋ ብሎ ለፓርላማ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። «ራይት ቱ ዜም» የተባለው የብሪታኒያ ድረ ገጽ ፖስታ ኮድ ሲያስገቡለት ከአካባቢ ምክር ቤት እስከ ፓርላማ ያሉትን ተወካዮች ይዘረዝራል፤ መልእክቱንም ያደርስላችኋል። ቃል በቃል የተገለበጠ ደብዳቤ በጅምላ መላክን ግን ይከለክላል። ደግ አደረገ። እኛ ቢሮ መቶ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ቢልክ የሚያገኘው አንድ መልስ ነበር፣ እሱም የተገለበጠ።

ዋናው ነገር ጥያቄው ነው። «አገሪቱ ወዴት እየሄደች ነው? ለምን ዝም ትላላችሁ?» ለሚል ሰው ምን ልሥራለት? ይህኛውን ግን እዩት፦

«የጡረታ አበሌ ከተቋረጠ አራት ወር ሆነው። ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም፤ የማመልከቻዬ ቅጂ ተያይዟል። ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ ይጠይቁልኛል?»

ይህ ሲመጣ ቅጂውን አያይዤ ደብዳቤ አረቅቃለሁ፣ ተወካዩ ይፈርማል፣ በዕለቱ ይወጣል። አንድ ጉዳይ፣ አንድ ማስረጃ፣ አንድ ጥያቄ።

እንዲህ ያለ የግል ጉዳይ ፌስቡክ ላይ በኮሜንት አይጻፍም፤ የመታወቂያ ቁጥርማ ጭራሽ። አደባባይ የሚያምርበት የአቋም ጥያቄ ነው፦ «ረቂቁን ለምን ደገፉ?» ዓይነት። በጀርመን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው «አብጌኦርድኔተንቫች» የተባለው ድረ ገጽ ለተወካዮች የሚቀርበውን ጥያቄም መልሱንም ለሕዝብ ያሳያል፤ ዝም ያለውም ዝምታው ይታያል። ረቂቅ ሕግን የሚመለከት ከሆነ ረቂቁን የሚመረምረው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሥራውን ሳይጨርስ ጻፉ፤ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የሚደርሰን ምክር ብዙ ነበር።

የፊርማ ማሰባሰቢያ ከመክፈታችሁ በፊት ፊርማው ምን እንደሚያስገኝ አንብቡ። በብሪታኒያ ፓርላማ ድረ ገጽ 10,000 ፊርማ የመንግሥትን መልስ ያስገኛል፤ 100,000 ሲሞላ ለክርክር ይታሰባል፣ መታሰብ ግን መከራከር አይደለም። ፊንላንድ ጠንከር ትላለች፦ በስድስት ወር ውስጥ 50,000 ድጋፍ ያገኘ የዜጎች ሐሳብ ፓርላማ ይገባል። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕጓ በ2014 እ.ኤ.አ. በፓርላማ የጸደቀው በዚሁ መንገድ ነው። ማንነታችሁን የማያጣራ ገጽ ላይ የተሰበሰበ ፊርማ ግን ለጫጫታ ካልሆነ ብዙ አይረዳም።

መልስ ከዘገየ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁና በዚያው በላካችሁት ኢሜይል ላይ «ምን ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ ኢሜይል አትጀምሩ፤ እንደ አዲስ ጉዳይ ይመዘገብና ከወረፋው መጨረሻ ትሰለፋላችሁ።