የቤንዚን ሃይሉክስን ናፍጣ ሲያደርጉ፦ እኔን ያቃጠሉኝ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሳወርድና ስሰቅል ስንት ዓመቴ። ታሪኩ ሁሌ አንድ ነው። ባለቤቱን የቤንዚን ወጪ ያስመርረዋል፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫው ገበያ ይወርዳል፣ 2ኤል ወይም 3ኤል የናፍጣ ሞተር ጭኖ ይመጣል። ጎሽ። ግን ዲናሞው የታለ?

“የቤንዚኑ ይሆናል፣ ሥራው ባትሪ መሙላት አይደል?” ይሉኛል። ኧረ አይደለም! የቤንዚን ሞተር ላይ እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሳ የካርቡራተሩ ፋርፋላ፣ ማለትም የአየር በሩ፣ ይዘጋል። ሞተሩ አየር አጥቶ ይስባል። ሰርቮውን (የፍሬን አጋዡን) የሚያሠራው፣ ፍሬኑን ከእግርህ ሥር የሚያለሰልሰው ያ መሳብ ነው። ናፍጣ ሞተር አየሩ እንደተከፈተ ነው የሚሠራው፤ የሚስብልህ ነገር የለም። ቶዮታ እነዚህ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ትንሽ የቫኪዩም (አየር መሳቢያ) ፓምፕ የገጠመው ለዚህ ነው። ዲናሞውን ትተህ መጣህ ማለት ፍሬንህን ትተህ መጣህ ማለት ነው።

ይህን ያወቅኩት አጥፍቼ ነው። ጀማሪ ሳለሁ የሰርቮውን ቱቦ ልክ እንደ ቤንዚኑ አየር ማስገቢያው ላይ ሰካሁት። ሰውዬው ከሸዋሮቢት ሽንኩርት የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው። “ፍሬኑ ደነደነብኝሳ?” አሉኝ። “ይላመዳል ጋሼ” አልኳቸው። ይላመዳል! ከተማው ሜዳ ስለሆነ ነገሩ ተሸፈነ። የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲሉ ግን ፔዳሉ ላይ በሁለት እግራቸው ቆመው፣ ማርሽ እየቀነሱ፣ ጥግ ይዘው ነው ያቆሟት። ደውለው ያወረዱብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ፓምፗ ደግሞ የሞተር ዘይት ትጠጣለች። የዘይት ቱቦዋን ሳታገናኝ ካስነሳህ ትቃጠላለች።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ግዛ፤ የቤንዚኑ አይገጥምም። ሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ታንከሩን፣ ሳታጥብ ናፍጣ አትሙላ። ከፖምፓው (ከናፍጣ ፓምፑ) የሚተርፈው ናፍጣ መመለሻ ቱቦ ይፈልጋል። ኅዳር ላይ ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት አልነሳ ካለህ ባትሪውን ከመሳደብህ በፊት ካንዴሊታዎቹን፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁትን፣ አስለካ።

የራዲያተር ክዳን ርካሽ ነው፣ ቀይረው። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ግፊት የማይዝ ክዳን ካለህ ውሃው ገና 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላብሃል።

ሊብሬውንም ሥራ ሳትጀምር አስብበት፤ የሞተር ቁጥር ተጽፎበታል። አንድ ደንበኛዬ “በኋላ ይደርሳል” ብሎ ነበር። መኪናው እንደ ሰዓት ይሠራል። ግን እስካሁን ጋራዡ ደጅ ቆሟል፤ የጎረቤት ዶሮዎች የጭነት ቦታው ላይ እንቁላል ይጥሉበታል።