ጅራታም ኮከብን እስከ ፀሐይ ጉያ ድረስ በስልክ እንዴት መከታተል ይቻላል?

ጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ወደ ፀሐይ በቀረበ ቁጥር እየደመቀ ይሄዳል። ችግሩ፣ በጣም ሲቀርብ የፀሐይዋ ብርሃን ይውጠዋል። ያኔ በባይኖኩላር ፀሐይ አካባቢ መፈለግ ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል አትሞክሩት።

ደግነቱ ሶሆ አለች። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት (ኢሳ) እና የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1995 ያመጠቋት መንኮራኩር ናት። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፀሐይ በኩል ርቃለች። ላስኮ የሚባሉት ካሜራዎቿ፣ እኛ በመዳፋችን ፀሐይን ከልለን እንደምናይ፣ ፀሐይን በክብ ነገር ጋርደው ዙሪያዋን ያነሳሉ። ፎቶዎቹን ማንም በስልኩ ከኢንተርኔት ላይ በነጻ ያያል።

መጀመሪያ ባለፈ ኮሜት ተለማመዱ። የሶሆን የምስል ማኅደር ከፍታችሁ "ላስኮ ሲ3"ን ምረጡ፤ ሰማያዊው ነው። ቀኑን ከዲሴምበር 14 እስከ 16፣ 2011 አድርጉ። የምታዩት ሎቭጆይ የተባለውን ኮሜት ነው። አውስትራሊያዊው አማተር ቴሪ ሎቭጆይ ካገኘው ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ከዚያ ፎቶዎቹን በተከታታይ አጫውቱ። አንድ ፎቶ ብቻውን ያሞኛል። እኔ ስጀምር በየደቂቃው "አገኘሁ!" እል ነበር። በአንድ ፎቶ ብልጭ ብሎ በሚቀጥለው የሚጠፋ ነጥብ ካሜራውን የመታ የኮስሚክ ጨረር (ከጠፈር የሚመጣ ፈጣን ቅንጣት) ነው። ከግራ ወደ ቀኝ አብረው ቀስ እያሉ የሚሄዱት ከዋክብት ናቸው። በግራና በቀኙ አግድም መስመር ያወጣ ደማቅ ነጥብ ብዙ ጊዜ ፕላኔት ነው። ሎቭጆይም ከድምቀቱ የተነሳ እንዲህ ያለ መስመር አውጥቷል፤ እሱን ግን ጅራቱ ያሳብቅበታል።

ወደ ፀሐይ ሲጠጋ ወደ "ሲ2" ቀይሩ። እይታው ጠባብ ነው፣ ግን ለፀሐይ የቀረበውን ያሳያል። ሎቭጆይ ከፀሐይ ገጽ 140,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ አለፈ። አበቃለት ሲባል በሌላኛው በኩል ብቅ አለ፣ ጅራቱን ከኋላው ጥሎ። ቀጥላችሁ የኖቬምበር 28፣ 2013ን አውጡ። ብዙ የተወራለት አይሰን የተባለ ኮሜት ከሎቭጆይ ስምንት እጥፍ ያህል ርቆ ነበር ያለፈው፤ ሆኖም ተበታተነ። የወጣው አቧራ ነው፣ እሱም ወዲያው ደበዘዘ። ኮሜት እንዲህ ነው፣ አይታመንም።

አዲስ ነገር ያያችሁ ከመሰላችሁ በየፎቶው ያለበትን ቦታና ሰዓቱን ጻፉ። ከአምስት ፎቶ በታች እኔ አላምንም። የፎቶው ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሆነ አትሳቱ፤ 12፡00 ቢል እኛ ጋ ከቀኑ 9፡00 ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ አለማስመዝገቡን አይታችሁ በሶሆ ፎቶዎች ላይ የተገኙ ኮሜቶችን ለሚመዘግበው፣ ሳንግሬዘር ለሚባለው ፕሮጀክት ላኩ። ፉክክሩ ቀላል አይደለም። የሶሆን 5,000ኛ ኮሜት በ2024 ያገኘው ፕራግ የሚማር የዶክትሬት ተማሪ፣ ፍለጋውን የጀመረው በ13 ዓመቱ ነው።