አልፈታ ያለ የክራንክ ፑሌጃ ብሎን፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

የታይሚንግ ቤልት (የክራንክ ሻፍቱንና የካምሻፍቱን ዙር የሚያዛምደው ጥርስ ያለው ቀበቶ) በሚቀየርበት ጊዜ ሥራውን ከሰዓታት ወደ ቀናት የሚያራዝመው ብዙውን ጊዜ ቤልቱ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ የተጋረጠው አንድ ብሎን ነው። የክራንክ ፑሌጃው (በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የቤልት መዘውር) ካልወጣ የታችኛው ሽፋን አይወርድም፤ ሽፋኑ ካልወረደ ደግሞ ቤልቱን ከክራንኩ ማርሽ ላይ ማውጣት አይቻልም። ሠራተኛው እዚህ ሲደርስ ትዕግሥቱ ያልቅና ኃይል በኃይል ላይ መጨመር ይጀምራል፤ የብሎን ራስ የሚያልቀው፣ ማራዘሚያ የሚሰበረውና ፑሌጃ የሚበላሸውም በዚህ ጊዜ ነው። አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ፦ ብሎኑ የማይፈታው አብዛኛውን ጊዜ ኃይል አንሶት ሳይሆን የሰጠነው ኃይል እርሱ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ኃይል ከመጨመር በፊት ኃይሉ የት እንደቀረ መፈለግ ይገባል።

ብሎኑ ይህን ያህል የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ፑሌጃውንና የክራንኩን ማርሽ ከክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ጋር አጣብቆ የሚይዘው እርሱ ነው፤ ኪ የሚባለው ትንሽ የብረት ቁራጭ በዋናነት ቦታን ለማስጠበቅ የተሠራ እንጂ የሞተሩን ምት ብቻውን እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። ለምሳሌ በቶዮታ 5ኤስ-ኤፍኢ ሞተር ብሎኑ የሚጠብቀው በ108 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ሲሆን፣ በበርካታ የሆንዳ ጄ35 ሞተሮች ግን 245 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ይህ በተገጠመበት ዕለት የነበረው መጠን ነው። ከዓመታት ሙቀት፣ ውኃና ዝገት በኋላ ብሎኑን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኃይል ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ይችላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በካቫሌቶ (መኪናን ከፍ አድርጎ በሚይዝ የብረት መቆሚያ) ላይ በጽኑ መቀመጥ አለበት፤ በረጅም እጀታ ላይ ሙሉ የሰውነት ክብደት ሲያርፍ መኪናው ይወዛወዛልና። ሁለተኛ፣ መካከለኛው ብሎን መፈታት የግድ መሆኑን ያረጋግጡ። በፎልክስዋገን 1.9 ቲዲአይ ሞተር ላይ ፑሌጃው የተያዘው በአራት ትንንሽ ብሎኖች ስለሆነ፣ ቤልቱን ለመቀየር መካከለኛውን ብሎን መንካት አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ በሞተርዎ ላይ ክራንኩና ማርሹ በኪ የተያያዙ መሆን አለመሆናቸውን ከጥገና መመሪያው ይወቁ። ኪ በሌላቸው ሞተሮች ላይ ብሎኑ በላላበት ቅጽበት ማርሹ በክራንኩ ላይ ሊንሸራተትና የሞተሩ ታይሚንግ ሊዛባ ይችላል፤ በእነዚህ ላይ መመሪያው ከሚያዝዘው የማሰሪያ መሣሪያ ውጭ ምንም ዓይነት ብልሃት መሞከር አይገባም።

በጠመኔ የሚደረግ ምርመራ

ቡሶላውን (የብሎኑን ራስ የሚይዘውን የመፍቻ ጫፍ) በብሎኑ ራስ ላይ እስከ መጨረሻው ካስገቡ በኋላ፣ ከቡሶላው ጀምሮ በፑሌጃው መሐል፣ ከዚያም በውጨኛው ቀለበት ላይ አልፎ ሞተሩ ላይ እስካለው ሽፋን ድረስ የሚዘልቅ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ ያስምሩ። እጀታውን ቀስ ብለው ሲጫኑ ረዳትዎ ዓይኑን ከመስመሩ ላይ አይንቀል። መስመሩ በፑሌጃውና በሽፋኑ መካከል ከተቆረጠ ክራንኩ አብሮ እየዞረ ነው። እጀታው አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ መስመሩ እንዳለ ከቆየ ኃይሉን የዋጡት መሣሪያዎቹ ናቸው። በቡሶላውና በፑሌጃው መካከል ከተቆረጠ ወይ ብሎኑ መፈታት ጀምሯል፣ ወይ ቡሶላው በብሎኑ ራስ ላይ እየተንሸራተተ ነው። በፑሌጃው መሐልና በውጨኛው ቀለበት መካከል ከተቆረጠ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ንዝረት አብራጅ ጎማ ተላቋል፤ ይህ ፑሌጃ ብሎኑ ቢፈታም ተመልሶ መገጠም የለበትም። ይህ ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚህ በታች ካሉት ምልክቶች የትኛው የእርስዎ እንደሆነ የሚነግርዎም እርሱ ነው።

ምልክት፦ ብሎኑ ሲገፋ ሞተሩ አብሮ ይዞራል

ምክንያቱ ክራንኩን የሚይዝ ነገር አለመኖሩ ወይም ያለው ያዥ ደካማ መሆኑ ነው። ማንዋል ማርሽ ባላቸው መኪኖች ላይ ቀላሉ መንገድ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፍሬኑን ሰው እንዲረግጥ ማድረግ ነው፤ ከፍተኛው ማርሽ የሚመረጠው ወደ ጎማዎቹ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል በእርሱ ላይ አነስተኛ ስለሚሆንና ፍሬኑም በቀላሉ ስለሚቋቋመው ነው። ሆኖም ይህ ዘዴ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ከሚችለው በላይ አይሠራም። የትንሽ መኪና ፍሪሲዮን የተሠራው ለራሱ ሞተር ጉልበት ስለሆነ፣ ከዚያ እጥፍ የሚጠይቅ የዛገ ብሎን ሲያጋጥም ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑን የሚረግጠው ሰው ላይ መጮህ ጥቅም የለውም። አውቶማቲክ ማርሽ ባላቸው ላይ ዘዴው ከነጭራሹ አይሠራም፤ ሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ የሚገናኙት በዘይት አማካይነት ነውና መኪናው በፓርክ ላይ ቢሆንም ክራንኩ መዞሩን አይተውም።

አስተማማኙ መፍትሔ ክራንኩን ራሱን መያዝ ነው። ብዙ የሆንዳ ፑሌጃዎች መሐላቸው ላይ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን ጎድጓዳ ቦታ አላቸው፤ ለዚሁ የተሠራው መያዣ እዚያ ገብቶ እጀታው ከመኪናው ጽኑ አካል ጋር ይደገፋል። ሌሎች ፑሌጃዎች ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በእነርሱ ላይ ጠንካራ የብረት ዘንግ በሁለት ብሎን ማሰር ይቻላል፤ ብሎኖቹ ግን እስከ መጨረሻው መግባት አለባቸው፣ አለበለዚያ ይታጠፋሉ። ሁለቱም ከሌሉ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) አውርዶ ወይም የታችኛውን መመልከቻ ክዳን ከፍቶ የቮላኖውን (በክራንኩ ሌላ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ጥርስ በማሰሪያ መሣሪያ መያዝ ይበጃል። ይህ ተጨማሪ ሰዓት ይወስዳል፤ ነገር ግን ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ፑሌጃውንም ማርሹንም የማይጎዳው ይህ ነው።

ሦስት ነገሮች ፈጽሞ መያዣ መሆን የለባቸውም። ታይሚንግ ቤልቱና የካምሻፍቱ ማርሽ ይህን ኃይል አይችሉም። ክራንኩን በታይሚንግ ቦታው ለማቆም የሚገባው ቀጭን ፒንም ቦታ ጠቋሚ እንጂ መቆለፊያ ስላልሆነ ይሰበራል፤ ወይም የገባበትን ቀዳዳ ይሰነጥቃል። በፑሌጃው ውጨኛ ቀለበት ላይ የሚጠመጠም የሰንሰለት መያዣም ጎማ ባለው ፑሌጃ ላይ አይመከርም፤ ኃይሉ ሁሉ በጎማው በኩል ስለሚያልፍ ጎማውን ይቆርጠዋል።

ብዙዎች ስለሚጠቀሙበት የሞተሪኖ ዘዴም መናገር ያስፈልጋል። እጀታው መሬት ላይ ወይም በመኪናው ጽኑ አካል ላይ ተደግፎ ሞተሪኖው ለቅጽበት ይነካል፤ ሞተሩ ከፑሌጃው በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ ብሎኑ ይላላል። እኔ የምመክረው ዘዴ አይደለም፤ እጀታው ካመለጠ ሰውም ራዲያተርም ይመታልና። ሌላ መፍትሔ ከጠፋና የግድ ከሆነ ደግሞ ነዳጁና ማቀጣጠያው መቋረጥ፣ ከመኪናው ዙሪያም ሰው መራቅ አለበት። በቀደሙት የሆንዳ ዲ፣ ቢ፣ ኤፍ እና ኤች ሞተሮች ላይ ግን ዘዴው ጭራሽ ተቃራኒ ውጤት አለው፤ እነዚህ ሞተሮች የሚዞሩት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲሆን የብሎኑ ጥርስ ግን የተለመደው፣ በሰዓት አቅጣጫ የሚጠብቀው ስለሆነ፣ ሞተሪኖው ብሎኑን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

ምልክት፦ ክራንኩ ተይዟል፣ እጀታው ይታጠፋል፣ ብሎኑ ግን አይነቃነቅም

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ብዙ ይረዳል። 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እጀታ ጫፍ ላይ 50 ኪሎ ግራም ቢጫን የሚገኘው 220 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 245 ላይ የጠበቀን ብሎን በተገጠመበት ዕለት እንኳ አይፈታውም። በእጀታው ላይ ቱቦ አስገብተው ርዝመቱን 1 ሜትር ካደረሱት ግን 40 ኪሎ ግራም ብቻ ተጭነው 390 ኒውተን ሜትር ያህል ያገኛሉ።

ሁለተኛው ኃይል በሊታ ማራዘሚያው ነው። ከጎማው ቦታ ውጭ ሆኖ ለመሥራት ረጅም ማራዘሚያ ይገባል፤ ቀጭን ከሆነ ግን እንደ ምንጭ ብረት ይጠማዘዛል፣ ሲለቁትም ይመለሳል። ተጠምዝዞ ያለመታጠፍ አቅም በውፍረቱ አራተኛ ደረጃ (ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ) ስለሚያድግ፣ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ የሶስት አራተኛ ኢንች ማራዘሚያ ከግማሽ ኢንቹ 5 እጥፍ ይጠነክራል። እጀታው ባለበት የማራዘሚያው ጫፍ ሥር ካቫሌቶ ያስቀምጡና ማራዘሚያው በእርሱ ላይ ይረፍ፤ ድጋፍ ከሌለው ኃይሉ ከመጠምዘዝ ይልቅ ማራዘሚያውን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ቡሶላውም ከብሎኑ ራስ ላይ በአንድ ወገን ይነሣል። ከዚያ በኋላ በመንገጭገጭ ሳይሆን ቀስ በቀስ በሚጨምር ክብደት ይጫኑ። ብሎኑ ሲለቅ ከባድ የስንጥቅ ድምፅ ያሰማል፤ ያን ድምፅ ስትሰሙ የተሰበረው ቡሶላው ይሁን የለቀቀው ብሎኑ በጠመኔው መስመር አረጋግጡ።

ምልክት፦ ኢምፓክቱ ይመታል፣ ብሎኑ ግን አይሰማውም

በአየር የሚሠራ ኢምፓክት (ብሎንን እየመታ የሚፈታ መሣሪያ) በጽሑፍ የተነገረለትን ጉልበት የሚሰጠው መሣሪያው ጋ 6.2 ባር ያህል ግፊት ሲደርስ ነው። የኮምፕሬሰሩ መለኪያ ይህን ቢያሳይም ቱቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ኢምፓክቱ ሲሠራ ግፊቱ መንገድ ላይ ይወርዳል። ማራዘሚያና መገጣጠሚያ በጨመሩ ቁጥርም ምቱ እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ ኢምፓክቱን በቀጥታ ከብሎኑ ፊት ማድረስ፣ ለዚሁ የተሠራውን ግድግዳው ወፍራምና ክብደት ያለው፣ በብሎኑ ልክ የሆነ (በብዙ የሆንዳ ሞተሮች ባለ 19 ሚሊ ሜትር) ቡሶላ መጠቀም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ክብደቱ በየምቱ ተጨማሪ ጉልበት ይዞ ብሎኑን ስለሚመታው፣ በተራ ቡሶላ ለደቂቃዎች ያልተነቃነቀ ብሎን በዚህ ሲፈታ ይታያል።

ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይረዳል፤ ግን የት እንደሚረዳ ማወቅ ጥሩ ነው። ብሎን ሲጠብቅ ከሰበቃው ግማሽ ያህሉ ያለው ከራሱ በታች ባለው ወለል ላይ ስለሆነ፣ ዘይቱን በብሎኑ ራስና በፑሌጃው መጋጠሚያ ዙሪያ በትንሹ ጠብ አድርጎ አሳድሮ መመለስ ይሻላል። ብዙ መርጨት ጎማውንና ሌሎቹን ቤልቶች ከማበላሸት ሌላ ትርፍ የለውም።

እሳት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከፑሌጃው ጀርባ ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) እና የፑሌጃው ጎማ ሙቀትን በብዛት አይችሉም፤ በጥርሱ ላይ ጠንካራ ማጣበቂያ ካለ ደግሞ የሚላላው በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ እዚያ መድረስ ያለ ጉዳት አይሆንም። ማሞቅ የግድ ከሆነ የብሎኑ ራስ ብቻ ለአጭር ጊዜ ይሙቅ፤ ፓራኦሊዮውም በአዲስ እንደሚተካ አስቀድሞ ይወሰን፤ በአካባቢውም ነዳጅና ዘይት አይኑር።

ምልክት፦ ቡሶላው ይንሸራተታል

ብዙ ቡሶላዎች አፋቸው ወደ ውስጥ ተድፎ ስለተሠራ፣ ቀጭን ራስ ባለው ብሎን ላይ የሚይዙት ከፊሉን ብቻ ነው። የቡሶላውን አፍ በመሞረጃ ድንጋይ ጠፍጣፋ ማድረግ ይህን ያስተካክላል። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ሳይሆን ባለ ስድስት ማዕዘን ይጠቀሙ፤ የብሎኑ ራስ በራሱ ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ከሆነ ግን የእርሱው ዓይነት መሆን አለበት። በራሱ ሥር የተጠራቀመውን ዝገትና ጭቃም በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። ራሱ አስቀድሞ ካለቀ፣ ያለቀ ብሎን ማውጫ ቡሶላ በመዶሻ ማስገባት ይቻላል፤ እርሱም ካልያዘ የሚቀረው በራሱ ላይ ዳዶ መበየድ ነው። ከመበየድ በፊት ባትሪው ይላቀቅ፣ የበያጁ መሬት ሽቦም ለብሎኑ ቅርብ በሆነ ቦታ ይያዝ።

ምልክት፦ ጥቂት ዞሮ እንደገና ይጠብቃል

በጥርሱ መካከል የገባ ዝገት ወይም ቁርጥራጭ ነው። በኃይል መቀጠል ብሎኑን ሊቆርጠው ወይም የክራንኩን ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል፤ የክራንኩን ጥርስ ማበላሸት ደግሞ አንድ ብሎን ከማጣት እጅግ የከፋ ወጪ ያመጣል። ግማሽ ዙር ወደ ኋላ አጥብቀው፣ ዘይት ጨምረው፣ ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ቀስ ብለው ያውጡት።

ብሎኑ ወጥቶ ፑሌጃው እምቢ ካለ፣ ፑለሩ መያያዝ ያለበት በፑሌጃው መሐል ላይ ባሉት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ነው። የውጨኛውን ቀለበት መሳብ ወይም በብረት መፈልቀቅ ጎማውን ይለየዋል። የፑለሩ መካከለኛ ብሎን የክራንኩን ጥርስ እንዳይጎዳ ጫፉ ላይ መከላከያ ብረት ያስቀምጡ።

መልሶ ሲገጠም

ጥርሶቹን ያጽዱ፤ ዘይት መቀባትና አለመቀባት መመሪያው እንደሚለው ይሁን፤ ዘይት የተቀባ ብሎን በእኩል ኃይል ከደረቁ ይበልጥ ይጠብቃልና። በዲግሪ ተጠማዝዞ የሚጠብቅ ብሎን፣ ለምሳሌ በሆንዳ ጄ ሞተሮች የኋለኞቹ ዓይነቶች ላይ በ64 ኒውተን ሜትር ጠብቆ ከዚያ 60 ዲግሪ የሚዞረው፣ በዓይን ግምት አይሠራም፤ መመሪያው በአዲስ ይተካ ካለም ይተካ። በኢምፓክት ማጥበቅ የለብዎትም፤ ሲፈታ የተጠቀሙበትን መያዣ መልሰው ያስገቡና በቶርክ መለኪያ ያጥብቁ። ላልቶ የቀረ ብሎን በየምቱ ፑሌጃውን ያንገጫግጫል፤ ኪውና የገባበት ቦይ እየሰፋ ሄዶ ጥገናው ከፑሌጃ ወደ ክራንክ ሻፍት ይሸጋገራል። በመጨረሻም መያዣውን አውጥተው፣ ክራንኩን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው፣ የታይሚንግ ምልክቶቹ በቦታቸው መገጣጠማቸውን ያረጋግጡና ሽፋኑን ይክደኑ።