ግድግዳ ከመቀባታችሁ በፊት ላስቲክ ለጥፉ

አዲስ አበባ ውስጥ ቀለም የሚቀባው ጳጉሜን ላይ ነው። እንቁጣጣሽ ሳይገባ ቤት ማሳመር የቆየ ልማድ ነው፣ አልቃወምም። ግን የውጭ ግድግዳ ለመቀባት ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም። ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ሁለት ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ረጥቧል።

የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴን የምሠራው በሲሚንቶ ላይ በሚቀቡ መከላከያዎች ነው። አክስቴ ይህን ከሰማች ወዲህ "ሲሚንቶ ስትቀቢ አይደል የምትውዪው? በይ የእኔንም ግድግዳ እዪልኝ" ትለኛለች። ለእሷ የምነግራትን እነሆ።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። እርጥበቱ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ከደረሰ ከመሬት እየተሳበ ነው። ከላይ ወደ ታች ከወረደ አሸንዳውን ወይም የሶሌታውን ስንጥቅ ጠርጥሩ። አሸንዳ በቀለም አይጠገንም። ከመሬት የሚሳበውን ደግሞ ውጭውን በቀለም ስትደፍኑበት መውጫ ያጣና ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ የላስቲክ ሙከራ አድርጉ። ወጪው ምንም ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር ቁረጡና አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቃችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ። ማታ ለጥፋችሁ በማግስቱ ከሰዓት ብታነሱት ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ምረጡ። የላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ጤዛ ከያዘ ወይም ከሥሩ ያለው ልስን ከጠቆረ ቀለሙን አትክፈቱ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ድገሙት። ከዚያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ የበልግ ዝናብም ገና አልመጣም።

ልስኑ አዲስ ከሆነ 28 ቀን ጠብቁ። ትኩስ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ የዚህ መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ12 በላይ ይደርሳል። በዚህ ላይ የዘይት ቀለም ከቀባችሁ አልካሊው ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የሚሆነው ነገር ግድግዳችሁ ላይ ሆነ ማለት ነው። ቀለሙ ይላላና በጣት ይለቃል። ሰው "ቀለሙ ፎርጅድ ነው" ይላል፤ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ምንም አላጠፋም።

ነጭ ዱቄት የሚያወጣ ግድግዳ ካላችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ አትጠቡት፣ ጨዉ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

አሁን ምርጫው። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 1504-2 የኮንክሪት ገጽ መከላከያዎችን በሦስት ይከፍላቸዋል። አንደኛው የኮንክሪቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሳይደፍን ውስጣቸውን ብቻ ለብሶ ውሃ እንዳይሳብ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳዎቹን በከፊል ይሞላል። ሦስተኛው ላዩ ላይ ሽፋን ይሠራል፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ኢፖክሲ ከዚህ ወገን ነው። ለጋራዥ ወለል ግሩም ነው፣ ለውጭ ግድግዳ ግን አልመክርም። ፀሐይ ያነጣዋል፣ እንፋሎትም አያሳልፍም።

ሽፋን ከመረጣችሁ ሻጩን ዳታ ሺት፣ ማለትም የምርቱን መግለጫ ወረቀት ጠይቁትና ኤስዲ የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ቀለሙ እንፋሎትን የሚያግደው የስንት ሜትር አየር ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል። ከ5 ሜትር በታች ከሆነ ግድግዳው ይተነፍሳል። ከ50 በላይ ከሆነ ታፍኗል። ሻጩ "ምርጥ ነው፣ አትጠራጠሩ" ብቻ ካላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

እኔ የማደላው ለመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሲላን ወይም ሲሎክሳን ብላችሁ ጠይቁ። ቀለም የለውም፤ ከተቀባ በኋላ ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። አክስቴ "ታዲያ ለምኑ ነው ገንዘቤን ያወጣሁት?" ያለችውም ለዚህ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የተቀባውን የሲሚንቶ ናሙና ለሁለት ሰብረን የተሰበረውን ፊት በውሃ እንረጨዋለን። መሃሉ ወዲያው ይጠቁራል። ዳር ዳሩን ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ደረቅና ነጣ ያለ ሆኖ ይቀራል። መከላከያው የገባው እስከዚያ ነው። እርጥብ ሳለ የተቀባ ናሙና ላይ ይህ መስመር ይሳሳል፣ አንዳንዴም ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ቀዳዳውን ውሃ ቀድሞ ይዞታል። ላስቲክ ለጥፉ ብዬ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

አቀባቡ ቀላል ነው። ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡ። መስኮቱንና አሉሚኒየሙን ሸፍኑ፣ መስታወት ላይ ከደረቀ አይለቅም። ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ አጠገባችሁ ሲጋራ አይጨስ። ዝቅተኛ ግፊት ባለው መርጫ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ፤ ፈሳሹ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እስኪወርድ ድረስ አጠጡት። ሁለተኛውን ዙር የመጀመሪያው ሳይደርቅ ድገሙ። የሰለጠነ ቀለም ቀቢ እንኳን "ይድረቅና እደግማለሁ" ይላችኋል። ለሌላ ቀለም ልክ ነው፣ እዚህ ግን አይሠራም፤ የደረቀው የመጀመሪያ ዙር ሁለተኛውን ይመልሰዋል። ስንጥቅ ካለ አስቀድማችሁ አስደፍኑ፣ ሲላን ስንጥቅ አይደፍንም። ውሃ የሚተኛበት ሶሌታ ላይም አትሞክሩት። የቆመ ውሃ ተጭኖ ይገባል፤ ሶሌታ የራሱ ውሃ መከላከያ ያስፈልገዋል።

ከሳምንት በኋላ ውሃ ርጩበት። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል። ከጊዜ በኋላ ይህ መንከባለል ይጠፋል፣ ፀሐይ ላዩን ስለምትበላው ነው። ሥራው አለቀለት ብላችሁ አትደንግጡ፤ ውስጥ የገባው ገና አለ። ማየት ያለባችሁ ጥቁረቱን ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ያንኑ ቦታ ርጩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ልስኑ እንዳለ ከቀረ ተዉት፤ ከጠቆረ አንድ ጊዜ ይደገም።